«ምን በደሉ?» ከማለት በፊት

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ አልጋዬ ተነቃነቀ። ቤቴ ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ቆርቆሮው ተንኳኳ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፤ ልጆቼን ይዤ ወደ ግቢ ወጣሁ። ወዲያው ሁሉም ጸጥ አለ። ተመልሰን ተኛን።

ከሱብሒ በኋላ ሸማ መሸጫዎቹ አካባቢ የሰማሁት ወሬ ግን ከመንቀጥቀጡ ይበልጥ አስደነገጠኝ። አንድ ወዳጄ «እነዚያ የአዋሽ ፈንታሌ ሰዎች ምን ቢበድሉ ነው አላህ እንዲህ የቀጣቸው?» አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን እንድንጠይቅ ማን ፈቀደልን? ያው መሬት እኛንም ነቅንቋል። በሬክተር መለኪያ 5 ነጥብ 8 ገደማ የነበረው መንቀጥቀጥ እኛን ከእንቅልፍ ቀሰቀሰን፤ ከመስከረም ጀምሮ የተደጋገመው ንውጥውጥታ ግን በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ከቀዬአቸው አፈናቀለ። ልዩነቱ የወንጀል መጠን ሳይሆን የርቀት መጠን ነው። እነርሱ የሚኖሩት ስምጥ ሸለቆው በሚሰፋበት፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ቅልጥ ዐለት ከሥር ሰንጥቆ በገባበት መሬት ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ስትፈርስ፣ በ1961 ዓ.ም. ሰርዶ ስትወድምም ምክንያቱ ይኸው ነበር፤ አንዷ በሸለቆው ጠርዝ፣ ሌላዋ በወለሉ ላይ ቆመው ነበርና።

ወዳጄ «ታዲያ የአላህ ሥራ አይደለም ልትለኝ ነው?» ብሎ ሞገተኝ። አላልኩም፤ ሁሉም በፈቃዱ ነው። ነገር ግን በፈቃዱ ማመን ሌላ፣ የፍርዱን ወንበር መቀማት ሌላ። ቁርኣን በመሬት መንቀጥቀጥ የተሰየመ ምዕራፍ አለው፤ የሚናገረውም ሁሉም የየራሱን ሥራ ስለሚያይበት ቀን እንጂ ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚኮንንበት ቀን አይደለም።

«ምን በደሉ?» ማለት ለጠያቂው ይመቻል፤ ኪሱን አያስነካውምና። ወዳጄን ብቻ አልወቅስም፤ እኔም በዚያች ሌሊት ዱዓ ያደረግሁት ለራሴ ልጆች ብቻ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄውን ወደ ራሳችን እናዙረው። በድንኳን ለሚያድረው ወገናችን ምን ላክን? እኛስ በዚህ ተዳፋት ላይ ብሎክ ስንደረድር፣ ብረትና ሲሚንቶ ስንቆጥብ፣ ከሥሩ ለሚተኛው ተከራይ ምን አሰብን? መሬት ተራ አትጠብቅም። የእኛ ቀን ሲመጣ ሰዎች ስለ ወንጀላችን እንዲጠይቁ ሳይሆን መጥተው እንዲጠይቁን እንመኛለን። ዛሬ እንጠይቃቸው።

ወላሁ አዕለም።