ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ተኩላ ሲፈሩ ተወኩላቸው ጎድሎ ነበር?

 

የብቸናና የሞጣ ልጆች በእረፍት ቀናችሁ ጮቄ ተራራ ለመውጣት ስትነጋገሩ አንድ ክርክር አይጠፋም። አንዱ «ከመሸ ጅብ አለ፣ በጊዜ እንውረድ» ይላል። ሌላው ይስቅበታል፦ «ተወኩልህ የት ሄደ? አጀል ካልደረሰ ጅብ ምን ያደርጋል?» የሁለተኛው ንግግር ኢማን ኢማን ይሸታል። ግን ነው ወይ?

ሱረቱ ዩሱፍን ክፈቱ። ልጆቻቸው ዩሱፍን ይዘነው እንሂድ ሲሉ ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ተኩላ እንዳይበላው እንደሚፈሩ በግልጽ ተናገሩ። ቀደርን ከእኔም ከአንተም በላይ የሚያውቁ ነቢይ ናቸው። አላህ ይህን ፍርሃታቸውን ሲነግረን አልወቀሳቸውም። ኋላም ልጆቻቸውን ወደ ግብፅ ሲልኩ በአንድ በር እንዳይገቡ፣ በተለያዩ በሮች እንዲገቡ መከሯቸው፤ ወዲያው ደግሞ ምክራቸው ከአላህ ውሳኔ አንዳች እንደማይመልስ ተናግረው በእርሱ ተመኩ። ሰበብ ማድረሱም ተወኩሉም ያሉት እዚያው አንድ አያህ ውስጥ ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በሌሊት ብቻን ከመጓዝ አስጠንቅቀዋል፤ ሲመሽ ልጆችን ቤት እንድንሰበስብም አዘዋል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የሳቅህበት ጓደኛህ ከአንተ ይልቅ ወደ ሱናው ቀርቧል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉም ከወረደ በጠራራ ቀን የምታውቀው መንገድ ይጠፋብሃል። ጅብ ደግሞ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በጨለማ ነው። በቡድን ሂዱ፤ ባትሪና ዱላ ያዙ፤ ደጅ አትተኙ። ካገኛችሁት አትሩጡ፤ የሚሮጥ ነገር ያባርራል። ተጠጋግታችሁ ቁሙ፣ ፊታችሁን ወደ እርሱ አድርጋችሁ ጩኹ፣ ጀርባ ሳትሰጡ ቀስ እያላችሁ ራቁ።

አጥንትና የተረፈ ሥጋ ጥላችሁ አትምጡ። ይህ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። እናንተ በመኪና ትመለሳላችሁ፤ ሰው ያለበትን ሽታ ምግብ ብሎ የለመደው ጅብ ግን ሌሊቱን ተመልሶ ይመጣል፤ የሚያገኘውም በማለዳ ውኃ ልትቀዳ የወጣችውን ልጅ ወይም የእረኛውን በግ ነው። የዒድ አል-አድሓን ፈርስና አንጀት ከጎረቤት አጥር ሥር የሚወረውር ሰውም እንዲሁ ነው። በራስህ ነፍስ ላይ «ተወከልኩ» ብለህ ትከራከረኝ ይሆናል፤ በሰው ልጅ ነፍስ ላይ ግን ማን ፈቀደልህ?

አሁን ወደ ተኩላው እንመለስ። ያ ተኩላ ዩሱፍን አልነካውም። ወንድሞቹ የአባታቸውን ፍርሃት ወስደው ውሸት ሠሩበት፤ ቀሚሱን የሐሰት ደም ቀቡት። ፍርሃት እንዲህ በሰው እጅ ሲገባ ስም ማጥፊያ ይሆናል። እኛ አገር ደግሞ ከዚህም የባሰ ተደርጓል። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ብለናቸዋል። በጎጃም ከሽመናና ከንግድ ኖረው ያለፉ ሙስሊም አባቶቻችን ይህ ወሬ ምን እንደሚያደርግ ያውቁታል፤ ከ1967 የመሬት አዋጅ በፊት አብዛኞቹ ርስት ስላልነበራቸው እጃቸውና ሚዛናቸው ነበር እንጀራቸው። የሚገርመው፣ የእነርሱ የልጅ ልጆች ሆነን ዛሬ ለኒካሕ ሲመጣ «ከእነ እገሌ ዘር አትጋቡ፣ ቡዳ ናቸው» የምንል መኖራችን ነው። እህቴ፣ እንዲህ ያለ ወሬ እቤታችሁ ሲነሳ ዝም አትበዪ፤ ሰውን ባልሠራው መወንጀል ቡህታን ነው፣ ጅቡ ላይም ቢሆን ውሸት ነው።

ጅቡም ቢሆን በከንቱ አልተፈጠረም። ሐረሮች በዐሹራ ቀን ገንፎ ያቀርቡለታል። በመቀሌ የተደረገ ጥናት ደግሞ ጅቦች በዓመት 200 ቶን ያህል የእንስሳት ሬሳና ተረፈ ሥጋ እንደሚያነሱ፣ በዚህም አባ ሰንጋን የመሰለ በሽታ እንደሚቀንሱ ገምቷል። «መርዝ ብናደርግለትስ?» ለምትሉኝ፦ ሊበላህ የመጣን ትከላከላለህ፤ መንገዱን የሚሄደውን ለምን? መርዙ ደግሞ ጅብ ብቻ አይመርጥም፤ ውሻውንም አሞራውንም ይጨርሳል። (ሥጋው ይበላል አይበላም የሚለውን የመዝሀቦች ኺላፍ ዛሬ አታንሱብኝ፤ የሚያምረው ሰውም አላገኘሁም።)

ነገ ወደ ጮቄ የምትወጡ ካላችሁ በጠዋት ውጡ፤ መግሪብን ከተማ ገብታችሁ ስገዱ።