ስለ መካሪ ዝምታ

ሰውን ከክፉ ልማዱ ለመመለስ የሚመክር ካህን እውነቱን ሁሉ ወዲያው መናገር ይገባዋልን? ወይስ መጠየቅና መስማት ይቀድማል? ዝም የሚል መካሪ በፍርሃት ይከሰሳልና ነገሩ ቀላል አይደለም።

መጠጥ የጸናበትን ሰው እናስብ። የንስሓ አባቱ «ቤትህን አፈረስህ፤ ልጆችህን አስራብህ» ቢለው፥ እርሱ «ከብዙዎቹ እኔ እሻላለሁ፤ ከሥራዬም ቀርቼ አላውቅም» ብሎ ይመልሳል። አባት በገፋ ቍጥር ልጅ ለመጠጡ ጠበቃ ይሆናል፤ በገዛ አፉ የተሟገተለትንም ነገር ይበልጥ ያምነዋል። እንዲህ ሲሆን እውነት የተናገረው መካሪ ሳያውቀው ስሕተትን አጸና። (ደግሞም ብዙ ጊዜ የምንቸኵለው ለሰውዬው ድኅነት ሳይሆን፥ ግዴታችንን ፈጽመናል ብለን ለማረፍ ነው።)

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ሚለር ይህን ነገር በኖርዌይ አገር ከባልደረቦቹ ጋር ሲወያይ አስተውሎ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. ስለ ጠጪዎች በጻፈው ጽሑፍ ገለጠው፤ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር በመጽሐፍ አስፋፋው። አሳቡም የመለወጥን ምክንያት መካሪው ከሚደረድር ተመካሪው ራሱ እንዲናገረው ማድረግ ነው። ስለዚህ መካሪው «መጠጡ ምን ይሰጥሃል? ምንስ ወሰደብህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሰማውንም መልሶ ያሰማዋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነውን? ናታን ወደ ዳዊት በገባ ጊዜ የድኻውን በግ ነገር አስቀደመ፤ ንጉሡም በራሱ ላይ በአፉ ፈረደ። ጌታችንም በቤተ ሳይዳ 38 ዓመት የታመመውን መፃጉዕ ከመፈወሱ በፊት ፈቃዱን ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ይህን የጠየቀው ለማወቅ አልነበረም።

ነገር ግን ናታን በምሳሌው አልቆመም፤ በደለኛው ንጉሡ ራሱ መሆኑን ፊት ለፊት ነገረው። እኛም ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ወደ እኛ ቢመጣ፥ ፈቃዱ እስኪበስል እንጠብቅ ማለት አይገባንም፤ የመጠበቁን ዋጋ የምትከፍለው እርስዋ ናትና። አስቀድሞ እርስዋን ከእጁ ማዳን፥ እርሱንም ያለ ማመንታት መገሠጽ ይገባል። ትዕግሥታችን በሌላ ሰው ቍስል የሚገዛ ከሆነ ልንሰጠው ሥልጣን የለንም።

ጠጪው ግን ከብዙ ቃል በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ ከሩቅ ስታየኝ ትሸሻለች» ቢል፥ መካሪው በዚያ ቃል ላይ ስብከት አይጨምር። ጥቂት ዝም ይበልና «ስትሸሽ ስታያት ምን ይሰማሃል?» ብሎ ይጠይቀው።