የአራስ ገንፎ በጾም አገር

ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ዙሪያዋን ጤፍና በቆሎ፣ ስንዴና ዳጉሳ የሚታረስባት የጎጃም ከተማ ናት። እንደ አካባቢው ሁሉ ዓመቷን የምትቆጥረው በጾምና በፍስክ ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ 55 ቀን የሚዘልቀው ሁዳዴ አለ፤ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ አለ። አጥባቂ ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ርቆ ያሳልፋል። ሆኖም በሁዳዴ እንኳ የቅቤ ሽታ የማይጠፋበት፣ ሽታውም ማንንም የማያሳፍርበት አንድ ቤት አለ፤ እሱም የአራስ ቤት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሽሮውን በዘይት ሲሠራ፣ እዚያ ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ይፈስበታል። የምታማስለው ጎረቤት ጿሚ ከሆነች ቀምሳ አታውቀውም፤ በዓይኗና በእጇ መጥና፣ በሽታው ገምታ ታቀርበዋለች። ጥያቄዬ ከዚህ ይነሳል። ጾምን ይህን ያህል የሚያከብር ሕዝብ ለወለደች ሴት የሚጣፍጥ ምግብ መደገሱ ለደካማ ሥጋ የተደረገ ይቅርታ ብቻ ነው? ወይስ ስለ ጣዕምና ስለ ሆድ፣ ስለ ፈጣሪም የሚያምነውን በዚያ ሳህን ይናገራል? እኔ ሁለተኛውን እላለሁ። ጿሚዋ ለሌላ ሰው ብላ የምታማስለውንና አራሷ ለሌላ ነፍስ ብላ የምትበላውን ስናስተያይ፣ ጾምና ጣዕም የአንድ እናት ልጆች ሆነው እናገኛቸዋለን።

ከምግቡ እንጀምር። የምታጠባ ሴት ከወትሮው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ጉልበት እንደሚያስፈልጋት የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ጉልበቱን ለማግኘት ግን ምግቡ የግድ መጣፈጥ የለበትም፤ በውኃ የተበጠበጠ ዱቄትም ይሰጣል። ባህላችን በዚያ አልረካም። የገብሱ ዱቄት ይነፋል፤ ውኃው ከፈላ በኋላ እንዳይጓጉል እጅ እስኪዝል ይማሰላል፤ ቅቤው በቅመም የተነጠረ፣ በርበሬው የተመረጠ ይሆናል። አጥሚቱ በማር ይጣፍጣል፤ አብሹ ምሬቱን እስኪለቅ ይዘፈዘፋል። ከዚያም ሴቶች ተሰብስበው፣ እልል ብለው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ከአንድ ሳህን አብረው ይበላሉ። ለጉልበት የማያስፈልገው ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ተጨመረ? ሞትን በቅርብ አይታ ለተመለሰች ሴት መፈለጓን የሚነግራት ጣዕሙ ስለሆነ ነው። ጉልበት ሆድን ይሞላል፤ በእሷ ልክ የተሠራ ምግብ ግን «አስበንሻል» ይላታል። ይህን የጤና ባለሙያዎችም በሥራ ተረድተውታል። እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ በሚደረገው ጥረት በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ የሚገነፋበትና ቡና የሚፈላበት ቦታ የተዘጋጀው ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒትና አዋላጅ ይዞ የቆመ ተቋም ከቤት ያነሰበትን ነገር ሲፈልግ ያገኘው ገንፎውን ነው።

ዳቦውም ያንኑ ይመሰክራል። ለክርስትናው ቀን የሚደፋው ድፎ በችኮላ አይሆንም። ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል፤ ኮባ በምጣዱ ላይ ይነጠፋል፤ ሊጡ ይደፋል፤ በኮባ ተሸፍኖ፣ ተከድኖ፣ ከላይም ከታችም እሳት ይደረግለታል። «እንደ ገና ዳቦ ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት» የምንለው መከራ ለበዛበት ሰው ነው፤ ጋጋሪዋ ግን ሁለቱ እሳት ካልተመጣጠኑ ዳቦው ወይ ያርራል ወይ ሊጥ ይሆናል ብላ ሌላ ትርጉም ታውቅለታለች። ምግብ መውደድ በእውነተኛ መልኩ ይህ ነው፤ ለእሳቱ፣ ለእርሾውና ለሰዓቱ ልብን መስጠት። ሕፃን የሚያሳድግም ሰው ከዚህ የተለየ ሙያ አያስፈልገውም። ሊጥን «ቶሎ ኩፍ በል» ብሎ መቆጣት እንደማይቻል ሁሉ፣ ሌሊት የሚያለቅስን ሕፃንም በቁጣ ማስተኛት አይቻልም። መጠበቅን የሚያውቅ እጅ በቡሃቃውም በአልጋውም ዘንድ አንድ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ልደትንና ዳቦን ለያይታ አታውቅም። በየደብሩ ግቢ ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት የሚጋገርበት ቤት ስሙ ቤተ ልሔም ነው፤ ትርጉሙም የእንጀራ ቤት። ጌታ የተወለደበት ከተማና ዲያቆኑ ኅብስቱን የሚጋግርበት ቤት በአንድ ስም መጠራታቸው፣ መወለድና መመገብ አንድ ምሥጢር ናቸው ብሎ እንደ መስበክ ነው። እመቤታችን መሶበ ወርቅ ትባላለች፤ መናው የተቀመጠበት የወርቅ መሶብ ምሳሌዋ ሆኗል። ታኅሣሥ 3 በሚከበረው በበዓታ ትውፊት ደግሞ በቤተ መቅደስ ሳለች ሰማያዊ ኅብስት ይዞ ይመግባት የነበረው መልአኩ ፋኑኤል ነው። እናት ከመሆኗ በፊት የተመገበች ናት። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ማስረጃ ግን ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ ባሉት 40 ቀናት ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌንና ሰቆቃወ ድንግልን ሲያደርሱ የሚያስቡት ሕፃን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችን እናት ረኀብና ጥም ነው። ቤተ ክርስቲያን የምታጠባ እናት መራቧን በዜማ ታለቅስበታለች። የሚለቀስበትን ነገር ደግሞ ለሌላይቱ እናት እንደ ጽድቅ ልናሸክማት አንችልም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል። የሰው ልጅ ውድቀት በመብላት አይደለም እንዴ የጀመረው? ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ አልሸጠም? ጣዕምን ያወደሰ ሰው ሆዱን አምላኩ ለማድረግ አንድ እርምጃ ቀርቶታል ይሉኛል። ማስጠንቀቂያው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሁለቱን ታሪክ ጥፋት እንለይ። በገነት የሚበላ ዛፍ ሁሉ ተፈቅዶ ነበር፤ አዳም የወደቀው ያልተሰጠውን በመውሰዱ ነው። ኤሳውም ወጡ ስለጣፈጠው አይወቀስም፤ ለአንድ ጉርሻ ለልጅ ልጅ የሚተርፈውን ስለለወጠ ነው። በሁለቱም መብሉ የተወሰደው ለራስ ብቻ ነው። አገራችንም ስስትን የምታውቀው በዚህ ነው፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ስንል የምግቡን ጣዕም አንነቅፍም፤ ብቸኝነቱን እንጂ። በዚህ ሚዛን አራስ ከሰው ሁሉ ይልቅ ከሆዳምነት የራቀች ናት፤ ብትፈልግ እንኳ ብቻዋን መብላት አትችልም። የጎረሰችው ወተት ሆኖ ይወጣል። ጿሚ ከራሱ ቀንሶ ለድኻ እንዲሰጥ ይታዘዛል፤ እሷ ደግሞ ለራሷ ጨምራ ለሕፃኑ ትሰጣለች። መንገዱ ተቃራኒ ይመስላል እንጂ መድረሻው ያው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። አራሷ ወንድ ከወለደች 40፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን ከቤተ ክርስቲያን የምትርቅበት ሥርዓት መነሻው ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ነው፤ ለወንድ 7 እና 33፣ ለሴት 14 እና 66 ቀን። ይህም የመንጻት ሕግ ነው። አራሷ ከቤተ መቅደስ ተከልክላ፣ ቤቱም ጸበል እስኪረጭ ካህን ሳይገባበት፣ ምግቧን «ቅዱስ ማዕድ» ማለት ራስን ማታለል አይሆንም? ክልከላው መኖሩን አልክድም፤ አንዳንድ ቤት ውስጥ ሴትን የሚያሳንስ ቃል ሲጨመርበትም ይሰማል። ነገር ግን በግእዝ ብቻ ሙሉው ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ኩፋሌ ለቁጥሩ ሌላ መነሻ ይሰጣል። አዳም ወደ ገነት የገባው በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋንም በ80 ቀኗ ነው ይላል። ኩፋሌ ይህን ከመንጻቱ ሕግ ጋር እንደሚያያይዘው እርግጥ ነው፤ ቢሆንም ቀኑ የሚቆጠረው ወደ ገነት ነው። ሕፃኑም በ40ው ወይም በ80ው ቀን ተጠምቆ ከእናቱ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ስለዚህ የአራስ ቤት የገነት ደጃፍ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። የሴቷ ልጅ ቀን ለምን እንደ ረዘመ የሊቃውንት ጥያቄ ነው፤ እኔ የምለው ቀኖቹ በቤት ውስጥ በምን እንደሚሞሉ ነው። በ1156/2011 አዋጅ ተቀጣሪ የሆነች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። በደምበጫ ዙሪያ ለምታርሰው፣ ለምታርመውና ለምትፈጨው ሴት ግን የወሊድ ፈቃድ የሚሰጣት ልማዱ ነው፤ ደመወዟም ገንፎው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከጤና ባለሙያው ነው፤ እሱን አለመስማት ደግሞ ኃጢአት ነው። ልማድ ሁሉ ፍቅር አይደለም። ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማቅመስና የእናትን እንገር አልቦ መድፋት በብዙ አካባቢ ኖሯል። የላሟን እንገር በጉጉት የሚበላ ቤት የሰውን እንገር ለአፈር መስጠቱ የሚያስገርም ነው። ሕፃኑን በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጡት ማስያዝና እስከ 6 ወር ከእናት ወተት በቀር ምንም አለማቅመስ የሚለው ምክር የሚቃወመው ይህንኑ ነው። ከዚህም የከፋ እውነት አለ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። ትርፍ እህል የሚመረትበት ጎጃም ያለው በዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ታዲያ የገንፎው ሥርዓት ከሸፈ ማለት ነው? እኔ የማየው ሌላ ነው። ቅቤው ቦታውን ስቷል፤ ለእናቲቱ የተገባው ወደ ሕፃኑ አፍ ገባ። ድግሱም ቶሎ አለቀ። ጎረቤት የሚመጣው በወሊዱ ሰሞንና በክርስትናው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ እናቲቱ ወደ እርሻና ወደ ማጀት ትመለሳለች፤ ሕፃኑ ከወተት ሌላ ምግብ የሚያስፈልገው ግን ገና በ7ኛው ወር ነው። ፍቅሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ የቀን መቁጠሪያው አጠረ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከራሷ ከእናቲቱ ይመጣል። «ሁሉ ሲጾም እኔ እንዴት ቅቤ እበላለሁ?» የምትል፣ ሳምንታት እንዳለፉ ሕፃን ታቅፋ ፍልሰታን የምትጾም ሴት ጥቂት አይደለችም። ለእመቤታችን ያላትን ፍቅር ማንም አይነቅፍም። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን አራስን፣ ነፍሰ ጡርንና የምታጠባን በጾም አታስገድድም፤ ጉዳዩ ከንስሐ አባት ጋር በምክር የሚያልቅ ነው። እስልምናም ለምታጠባ ሴት የረመዳንን ጾም እንድታፈጥር መፍቀዱ ነገሩ የአንድ ሃይማኖት ልስላሴ እንዳልሆነ ይነግረናል። እሷን የሚይዛት ብዙ ጊዜ ሕጉ ሳይሆን ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታን ደግሞ የሚሰብረው የሰው ቃል ነው። ስለዚህ ካህኑ በዐውደ ምሕረት ላይ የምታጠባ እናት መብላቷ ሥርዓት መሆኑን ደጋግሞ ቢናገር፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ይሠራል።

በምግብ የሚደሰት ሰውነት እንዲሁ አልተፈጠረም። የሚጣፍጥን ነገር መውደድ በራሱ ጽድቅም ኃጢአትም አይሆንም፤ የሚፈረድበት ጣዕሙ ወዴት እንደሚሄድ ታይቶ ነው። በአንድ አፍ ከቀረ ስስት ይሆናል፤ በእጅ በኩል ወደ ጎረቤት፣ በጡት በኩል ወደ ሕፃን ካለፈ ምስጋና ይሆናል። ለዚህ የሚቀጥለውን ክርስትና አትጠብቁ። ልጇ 40 ወይም 80 ቀን ያለፈው ጎረቤት ካለችህ፣ ካለችሽ፣ ድግሱ አልቆ ቤቱ ጭር ሲል አንድ ቁና የገብስ ዱቄት ይዛችሁ ግቡ፤ የጾም ቀን ቢሆንም ቅቤውን አትርሱ።