ገና ስላልደማው ልጅ

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ መድኃኒት ጥቂት፥ ሕመምተኛ ብዙ በሆነበት ስፍራ መድኃኒቱ የሚገባው ዛሬ ለሚደማው ነው ወይስ ነገ ለሚደማው? እኔ ይህ ጥያቄ በቀረበልኝ ጊዜ «ለሚደማው ነዋ!» ብዬ በችኮላ መለስሁ። ቈይቼ ሳስበው ግን መልሴ ከማስተዋል ሳይሆን ከዓይን ብቻ የመጣ መሆኑን ተረዳሁ።

ሄሞፊሊያ የሚባለው በሽታ አብሮ የሚወለድ፥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፥ በአብዛኛው ወንዶችን የሚይዝ ነው። የሚበዛው ዓይነት የሚመጣው ፋክተር 8 የተባለው ደም አርጊ ነገር ሲጐድል ነው። በሽታው የጸናበት ልጅ ምንም ሳይመታው በጉልበቱና በክርኑ መገጣጠሚያ ውስጥ ይደማል። መድማቱ በተደጋገመ ቍጥር መገጣጠሚያው እየተበላ ይሄዳል። ከደማ በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት ደሙን ያቆማል እንጂ የተበላውን አይመልስም።

በስዊድን አገር በማልሞ ከተማ ኢንጋ ማሪ ኒልሶን የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1958 (እ.ኤ.አ.) የጐደለውን ነገር ልጆቹ ሳይደሙ አስቀድመው በመርፌ መስጠት ጀመሩ። የብዙ ልጆችም መገጣጠሚያ ከጥፋት ዳነ።

«ይህ የባለጸጋ አገር ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። መድኃኒቱ ውድ መሆኑ፥ ከደምም ቶሎ ስለሚያልቅ መርፌው መደጋገሙ እውነት ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ለኪሎ 25 ዩኒት በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢሰጠው 1,500 ዩኒት ይፈጃል። ለኪሎ 10 ዩኒት በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሰጠው ግን 400 ብቻ ነው። የአንዱ ድርሻ ለሦስት ተዳርሶ ይተርፋል። ትንሹ መጠን የትልቁን ያህል አይከላከልም፤ ሆኖም በቻይናና በሕንድ እንደ ታየው፥ ልጁ እስኪደማ ከመጠበቅ እጅግ ይሻላል።

እርግጥ ነው፥ በጭንቅላቱ ውስጥ ደምቶ ለሞት ለሚቀርበው ሳያስቀሩ ሁሉን ማደል ስንፍና ነው። የእርሱ ድርሻ ይቀመጥ። የቀረውን ሁሉ ግን ገና ለሚመጣው ደም ቈልፎ መጠበቅ፥ ልጁ እስኪያነክስ መጠበቅ ነው።

የሚደማው ልጅ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ይሰማል። ገና ያልደማው ግን በደጅ ይጫወታል፤ ስለ እርሱ የሚሟገት የለም። ከአንካሳነት ቢድንም ማን እንዳዳነው አያውቅም፤ አዳኙም ምስጋና አያገኝም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ ምስጋና የሌለውን ይህን ደግነት ማስተማራቸው ይመስለኛል። እንግዲህ ወዳጄ፥ የማካፈል ሥልጣን በእጅህ በገባ ቀን፥ ጩኸቱ ያልተሰማውንም ልጅ ቍጠረው።