ስሙን የደበቀ ጠያቂ፣ ስሙን የደበቀ መላሽ



ቀድሞ ለአክስት፣ ለሰፈር ሽማግሌ፣ ቢበዛ ለመስጊድ ኢማም ይነገር የነበረው የትዳር ምስጢር ዛሬ በቴሌግራም ብዙ ሺህ ሰው ወዳለበት ቡድን ይላካል። «ስሜ ይቆይ፤ ባሌ እንዲህ አደረገኝ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ትላለች አንዲት እህት። ሰዓት ሳይሞላ መልሱ ይጎርፋል። አንዱ «ታገሺ» ይላል፣ ሌላው «ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ «በውስጥ መስመር አናግሪኝ» ይላታል። የዚህን የመጨረሻውን ሰው ምክር ከወዲሁ ብንጠረጥር ኃጢአት የሚሆንብን አይመስለኝም።

ስሟን መደበቋን የሚያወግዙ ወገኖች አሉ። እኔ ግን ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው አልልም። ዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) መዝይ እየበዛባቸው ሲቸገሩ፣ ባለቤታቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ በመሆኗ ራሳቸው መጠየቁን አፍረው ሚቅዳድ እንዲጠይቅላቸው ማድረጋቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ኢማም ነወዊም በሪያዱ ሷሊሒን ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ሲዘረዝሩ ፈትዋ መጠየቅን አንዱ አድርገውታል፤ ይልቁንም ስም ሳይጠሩ «እንዲህ ስላደረገ ባል ምን ይላሉ?» ብሎ መጠየቁ የተሻለ መሆኑን ገልጸዋል። እንግዲህ ጠያቂ ስሙን ቢሸሽግ ሸሪዓው ያውቅለታል። የመኝታ ቤትን ምስጢር «ማን ያውቀኛል» ብሎ መዘርገፉ ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ ይህን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በብርቱ አውግዘውታል።

ጭንቁ ያለው መላሹ ዘንድ ነው። ሂንድ ቢንት ዑትባ ባሏ አቡ ሱፍያን ለእርሷና ለልጆቿ በቂ ቀለብ እንደማይሰጥ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት ስትል ዝም በይም ፍቺም አልተባለችም። ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃውን ያህል በአግባቡ ከገንዘቡ እንድትወስድ ተነገራት። መልሱ በችግሩ ልክ የተሰፋ ነበር።

አሁን ደግሞ የጦላቅን ነገር እንመልከት። አንድ ወንድም «ትናንት ተናድጄ ሚስቴን ሦስት ጊዜ ፈትቼሻለሁ አልኳት» ብሎ ይጽፋል። ግማሹ «ሐራም ሆናብሃለች» ይለዋል፤ ግማሹ «ምንም አይደለም» ይለዋል። ዐሊም ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ እርሱ ይጠይቀው ነበር። የተናገርከው ቃል በትክክል ምን ነበር? ቁጣህ ምን ያህል ነበር? ከዚህ በፊት ፈትተሃት ታውቃለህ? በአንድ ንግግር ሦስት ጊዜ የተባለ ጦላቅ በአራቱ መዝሀቦች የታወቀው አቋም ሦስት ሆኖ ሲቆጠር፣ ኢብኑ ተይሚያ ግን አንድ ነው ብለዋል። ይህን ልዩነት ያልሰማ ሰው በአውራ ጣቱ ቤት ይበትናል፤ ወይም የተፈታችን ሴት ከባሏ ጋር ያኖራል። «ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ» ያላትም ቢሆን፣ ሱረቱ ጦላቅ ገና በመክፈቻው የተፈታች ሴት ዒዳዋ ሳያልቅ ከቤቷ እንዳትወጣ፣ ባልም እንዳያስወጣት ማዘዙን መች አነበበ?

ሱረቱ ኒሳእ በ35ኛው አንቀጽ አንድ ሽማግሌ ከእርሱ፣ አንድ ሽማግሌ ከእርሷ ቤተሰብ እንዲላክ ያዛል። እነዚህ ሰዎች ሁለቱንም ወገን ያውቃሉ፤ ቤቱ ቢፈርስ ልጆቹ የሚመጡት ወደ እነርሱ ነው። ስም የለሹ መካሪ ግን የአንድ ወገን አቤቱታ ሰምቶ ይፈርድና ስልኩን ዘግቶ ይተኛል።

ይሁንና እውነቱን እንነጋገር። እህቶቻችን ወደ ማያውቁት ሰው የሸሹት የሚያውቁት ሰው ስላሳፈራቸው ጭምር ነው። ለአክስት ጠዋት የተነገረ ምስጢር ማታ በቡና ላይ ይወራል። የተደበደበች ሴት «ቻይው፣ ወንድ ነው» ተብላ ትመለሳለች። ኢማሙ ዘንድ ልሂድ ብትል በወንዶች ሰፍ መካከል ማለፍ አለባት። ጅዳ ወይም ኩዌት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ፣ የላከችውን ገንዘብ ባሏ ሌላ ያገባበት እህት ደግሞ ከስልኳ በቀር ምን አላት? እርሷን «ለምን እዚያ ጻፍሽ» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

በሕግ በኩል በር አልተዘጋም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የጋብቻ፣ የፍቺና የቀለብ ጉዳይ ያያሉ። ነገር ግን ፍርድ ቤት የሚኬደው ነገሩ ከመረረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ክፍተት መሙላት የመስጊድ ኮሚቴዎች ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ በሴቶች መግቢያ በኩል አንዲት የተማረች ኡስታዛ ብትቀመጥስ? በሩ አጠገብ ስም የማይጻፍበት የጥያቄ ሣጥን ቢሰቀል፣ በሩቅ ላለችውም አንድ የስልክ ቁጥር ቢለጠፍ፣ መላሹ ግን በስሙና በዕውቀቱ የሚታወቅ ሰው ቢሆን፣ ወጪው ከአንድ ምንጣፍ ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም።