አልጋ ላይ የነበረው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል

አንድ ብርድ ልብስ አልጋ ላይ ሳለ ብርድ ልብስ ነው። ሙዚየም ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሥነ ጥበብ ይባላል። ክሩ ያው ነው፤ ስፌቱም ያው ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ወንዝ በሦስት አቅጣጫ የከበባት ጊስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የሠሩ ጥቁሮች ዘሮች ናቸው፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩበት ፔትዌይ የሚለው ስም እንኳ የእርሻው ጌታ ስም ነበር። የመንደሯ ሴቶች ያለቀ የሥራ ልብስ እየቀደዱ፣ ቁራጩን ከቁራጭ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ቤቱ ብርድ ያስገባላ! በአንዳንዶቹ ላይ ጉልበት ያሳሳው የሱሪ ጨርቅ ዛሬም ይታያል።

ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 እ.ኤ.አ. ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሶቹን ቀዳዳ አንድ ብርድ ልብስ ሰፋች። ልጇ አርሎንዚያ በኋላ እንደ ተናገረችው፣ እናቷ ይህን ያደረገችው እርሱን ለማስታወስና ፍቅሩን ተከናንባ ለመተኛት ነው።

በ2002 የመንደሯ ሥራዎች በሂዩስተን፣ ከዚያም በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ታዩ። በ2006 በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጡ። ተቺዎች ከዘመናዊ ሠዓሊያን ጋር አወዳደሯቸው። ይህ ምስጋና ለእኔ ትንሽ ይጎረብጠኛል፤ ለመከበር የግድ ሌላ ነገር መምሰል የነበረባቸው ይመስላል። ኤግዚቢሽኑ ግን መልካም ነበር፤ ተኝተውበት ያላዩትን ቆመው እንዲያዩት አድርጓል። ሆኖም በ2007 ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ ድርሻችን አልደረሰንም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጉዳዩ በማግስቱ ዓመት በስምምነት አለቀ። ጨርቁን ማድነቅ ቀላል ነው። እጁን ማክበር ወጪ አለው።

በእኛስ? በቋንቋችን የቀሚስ ጥለት “ጥበብ” ይባላል። ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ በእንዝርት የፈተለችው ግን “ባለሞያ” ተብላ ትመረቃለች፤ ሞያዋም ከጓዳ አይወጣም። ጋቢው ሲመሰገን የሚነሣው ሸማኔው ነው። ሶፋው ላይ ያለውን ዳንቴል ገፋ አድርጋችሁ ስትቀመጡ፣ በኪሮሽ ስንት ሌሊት እንደ ፈጀ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

በዘጸአት 35 የመገናኛውን ድንኳን የሠራው ባስልኤል በስሙ ተጠርቷል። ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ክር፣ የፍየሉንም ጠጉር የፈተሉት ሴቶች ስማቸው አልተጻፈም። ነገር ግን ለባስልኤል የተነገረለት ጥበብ ለእነርሱም ተነግሮላቸዋል። ወንዶች ወንድሞቼ፣ ይህን ክፍል ስናነብ ለምን ባስልኤል ላይ ብቻ እንደምንቆም አስባችሁ ታውቃላችሁ?

በሐዋርያት ሥራ 9 ደግሞ ሌላ “ኤግዚቢሽን” አለ፤ እንዲህ ብዬ ብጠራው ቅር አይበላችሁ። ጣቢታ በኢዮጴ ሞታለች። መበለቶች ጴጥሮስን ከበው፣ እያለቀሱ፣ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚሶች ያሳዩታል። ስለ ስፌቱ ማማር አልነበረም የሚያለቅሱት። ጴጥሮስም ሁሉን ወደ ውጭ አስወጣ፣ ተንበርክኮ ጸለየ፣ ፊቱን ወደ ሴቲቱ መለሰ፤ በስሟም ጠራት።