በሩን የምንይዘው ለማን ነው?



በአገራችን ሁለት ሰዎች ደጃፍ ላይ ሲገናኙ አንዱ «ይግቡ» ሲል ሌላው «በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ» እያለ ብዙ መግደርደራቸው የታወቀ ነው። መሐላው ባይኖርበት በወደድን ነበር፤ ልማዱ ግን መልካም ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት (12፡10) ምእመናን እርስ በርሳቸው በመከባበር እንዲቀዳደሙ መክሯል። ችግሩ የምናስቀድመውን ሰው መምረጣችን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በበዓለ ልደት ዕለት ከቅዳሴ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ቆመን ነበር። አንድ የተከበሩ እንግዳ ከመኪና ሲወርዱ፣ ነፋስ ይገፋው የነበረውን ከባድ መዝጊያ ወለል አድርገን ይዘን፣ እጅ ነሥተን አስገባናቸው፤ ወዲያውም መዝጊያውን ለቀቅነው። ከኋላቸው ሕፃን ያዘለች እናት ትመጣ ነበር። አላየናትም ብንል ሐሰት ይሆንብናል። መዝጊያው ተመልሶ ትከሻዋን መታት። ይቅርታ የጠየቀችው ግን እርስዋ ናት፤ «ይቅርታ አባ፣ መንገድ ዘጋሁብዎት» አለችን። የዚያን ዕለት ስብከታችን በቤተልሔም ለእመቤታችን ማደሪያ ስለ መጥፋቱ ነበር፤ እንደ ተዘጋጀ ሰበክነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ስለ ባለ ወርቅ ቀለበቱና እድፋም ልብስ ስለ ለበሰው ድኻ ሲናገር፣ ነገሩ የሚሆነው በገበያ ወይም በሹም ደጅ ሳይሆን በራሳቸው በምእመናን ጉባኤ መሆኑን ልብ እንበል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2015 የምሕረትን ኢዮቤልዩ ቅዱስ በር አስቀድመው የከፈቱት በሮም አልነበረም፤ በጦርነት በቆሰለችው በማዕከላዊ አፍሪቃ ሪፑብሊክ፣ በባንጊ ካቴድራል ነበር። መዝጊያውንም በገዛ እጃቸው ገፉት።

መምህራን ሆይ፤ ሕፃናትን «ለታላቅ ተነሡ፣ በር ያዙ» ስትሉ፣ እንጨት ለተሸከመችው፣ ለዓይነ ስውሩ፣ በደጃችን ለሚለምነውም እንዲይዙ ንገሩአቸው። እነርሱ ግን ከቃላችን ይልቅ እጃችን መዝጊያውን መቼ እንደሚለቅ ይመለከታሉ።

ያቺ እናት አሁንም በየሰንበቱ ትመጣለች። በሩን ስንይዝላት «አይሆንም አባ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ብላ ትቆማለች፤ እኛም አንገባም። ያን ጊዜ በጀርባዋ የነበረው ሕፃን ዛሬ በእግሩ ይሄዳልና፣ ስንከራከር በመካከላችን አልፎ ይገባል።